ለልጃችን የድምፅ ፈተና የትኛውን ዜማ እንምረጥ?

ከጎግ ወረዳ የወጡ ቤተሰቦች ዛሬ በብዙ አገር ተበትነው ይኖራሉ። ከጊሎ ወንዝ ዳር፣ ከፑኝዶና ከአካባቢዋ መንደሮች ተነሥተው አንዳንዶቹ ለትምህርት ሄዱ፤ ሌሎቹ በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ በጋምቤላ ከደረሰው እልቂት በኋላ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ወጡ። እነዚህ ወገኖቻችን አሁን በባዕድ አገር ልጆች ያሳድጋሉ። ልጆቹ በትምህርት ቤት የሚያገኙት ብዙው ነገር ለወላጆቻቸው እንግዳ ነው። እናት ግራ ሲገባት ስልክ ታነሣለች፤ ጥያቄውም እዚህ ድረስ ይመጣል።

እንግሊዝ አገር ከምትኖር አንዲት የጎግ እህት የመጣው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር። “ልጄ 12 ዓመቷ ነው። በቤተ ክርስቲያን ከልጆች ኳየር ጋር ትዘምራለች። ድምፅ የምታስተምራት መምህርት ለደረጃ ፈተና ልታስመዘግባት ነው። ከድሮ ሙዚቃዊ ቴአትሮች ዜማ ምረጡ ተባልን። ልጅቷ ከሁሉ የሚጮኸውን ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ‘ቴአትር’ የሚለውን ስሰማ ደነገጥሁ። ምን ላድርግ?”

ይህ ጥያቄ የእርሷ ብቻ አይደለም። ልጆቻቸው መዘመር የሚወዱ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ የሙዚቃ ትምህርት ያስጀመሩ ብዙ ወላጆች ይጠይቁታል። ስለዚህ መልሱን ለሁላችንም በሚጠቅም መንገድ ለመጻፍ ወደድሁ።

ፈተናው ምንድን ነው?

የደረጃ ፈተና የሚባለው ልጅ በሙዚቃ የደረሰበትን ደረጃ በውጭ ሰው የሚያስመዝን ሥርዓት ነው። በእንግሊዝ አገር ከ100 ዓመት በላይ ቆይቷል። ትሪኒቲ ኮሌጅ በ1877፣ የለንደን ሙዚቃ ኮሌጅ በ1887፣ ኤቢአርኤስኤም በሚል ምህጻር የሚታወቀው ቦርድ ደግሞ በ1889 እ.ኤ.አ. ነው የጀመሩት። ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 8 ይሄዳሉ። በኤቢአርኤስኤም አሠራር ነጥቡ ከ150 ሲሆን ለማለፍ 100፣ ለመልካም ውጤት 120፣ ለከፍተኛው ማዕረግ 130 ያስፈልጋል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይኸው ቦርድ በቪዲዮ ተቀርጾ የሚላክ ፈተናም ስለጀመረ፣ ተፈታኝ የግድ ፈታኙ ፊት መቆም የለበትም።

ሙዚቃዊ ቴአትር ደግሞ ሰዎቹ እየተነጋገሩ ቆይተው፣ ንግግር አልበቃ ሲላቸው በዜማ የሚቀጥሉበት ተውኔት ነው። ቴአትርና ዜማ በአንድ መድረክ መኖራቸው ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ኖረዋል።

“የድሮ” ሲባል መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ከ1920ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በእንግሊዝ መድረክ የወጡትን ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የቴአትሮች ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። መምህራን እነዚህን የሚወዱበት በቂ ምክንያት አላቸው። በተዋናይ ልብስ ውስጥ የሚደበቀው ማይክራፎን ከመለመዱ በፊት ዘማሪው ከኦርኬስትራው በላይ እስከ ኋለኛው ወንበር መሰማት ነበረበት። ስለዚህ ደራሲዎቹ ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲወጣ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ እንዲኖር፣ ዜማው ቀስ በቀስ እንዲያድግ አድርገው ሠሩ። ብዙዎቹም የታወቀ ቅርጽ አላቸው። አንድ ሐሳብ ይመጣል፤ ይደገማል፤ አዲስ ሐሳብ ይገባል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ይመለሳል። ለተማሪ ይህ እንደ ጥሩ መሰላል ነው፤ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ታውቃለች።

“ቴአትር” ስትል ለደነገጠች እናት

እኛ ያደግንበት ቤት “ዘፈን” ከሚለው ቃል ይርቃል። ለዚህ አንዱ ምክንያት በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ 5፥21 “ዘፋኝነት” የሚለውን ቃል ማስቀመጡ ነው። በግሪክኛው የተቀመጠው ቃል “ኮሞስ” ነው፤ የሚያመለክተውም ስካርና ልቅነት የሞላበትን ፈንጠዝያ ነው። ለፈተና የተዘጋጀች ልጅ አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ የምትለውን በዜማ ብትናገር ይህ ነገር በእርሷ ላይ የሚነገር አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ የእናት ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። ከእነዚህ ዜማዎች መካከል ለልጅ የማይገቡ አሉ፤ በኋላ እመጣባቸዋለሁ። ጥሩው ነገር የፈተና ቦርዶቹ ሰፊ ዝርዝር ስለሚሰጡ ቤተሰብ የማይቀበለውን አንድ ዜማ በሌላ መተካት ይቻላል፤ በዚህም ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ስጋታችሁን ለመምህሯ በጊዜ ንገሩ። ዜማው ከተጠና በኋላ “ይቅር” ማለት ግን ልጅቷን ያደክማል።

አስቀድሞ ሰውየውን ፈልጉ

ወላጆችም ልጆችም የሚጀምሩት “የትኛው ታዋቂ ነው?” ብለው ነው። እኔ ግን ከዚህ በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች እንዳሉ አምናለሁ። የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው? በምን ጊዜ? በእኛ በአኙዋክ ዘንድ ቶም ይዞ የተቀመጠ ሰው ለማን እንደሚናገር ያውቃል፤ አድማጩም ያውቃል። የቴአትር ዜማም እንደዚሁ ነው። ፈታኙ የሚሰማው ድምፅን ብቻ አይደለም፤ ልጅቷ የምትለው ገብቷት እንደሆነ ያያል።

ጥቂት ምሳሌዎች እንመልከት።

በ1951 በወጣው “ዘ ኪንግ ኤንድ አይ” ውስጥ አና የምትባል ባሏ የሞተባት መምህርት ትንሽ ልጇን ይዛ ለሥራ ወደ ሲያም፣ ወደ ዛሬዋ ታይላንድ፣ ትመጣለች። መርከቡ ሲደርስ እናትና ልጅ ፈርተዋል። “አይ ዊስል ኤ ሃፒ ቲዩን” የሚለው ዜማ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እናት ለልጇ ፍርሃት ሲመጣ በፉጨት እንደምታሸንፈው ትነግረዋለች። አዲስ አገር፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ የማያውቁት ቋንቋ የገጠማት ልጅ ይህን ለማስረዳት ማንም አያስፈልጋትም።

በ1960 ለንደን ላይ በታየው “ኦሊቨር!” ውስጥ “ዌር ኢዝ ላቭ?” የሚለውን የሚዘምረው ትንሹ ኦሊቨር ነው። እናቱ ሲወለድ ሞታለች። አሁን የሬሳ ሣጥን በሚሠራ ሰው ቤት ተዘግቶበት ብቻውን ነው። ዜማው ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ጩኸት ግን አይፈልግም። ልጅቷ በትልቅ ድምፅ ልታስደንቅበት ብትሞክር የኦሊቨርን ብቸኝነት ታጠፋዋለች።

በ1956 በወጣው “ማይ ፌር ሌዲ” ደግሞ ኤላይዛ የምትባል አበባ ሻጭ በለንደን ብርድ ቆማ የሚሞቅ ክፍልና ምቹ ወንበር ትመኛለች። “ዉድንት ኢት ቢ ለቨርሊ” የሚለው ዜማ ቀልድ አለው፤ ድህነትም አለው። በገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ ተቀምጠው የሚሸጡ እናቶችን ያየ ሰው ኤላይዛን ያውቃታል። አነጋገሯ የለንደን ድሃ ሰፈር ነው። ልጅቷ በጥቂቱ ብታሳይ መልካም ነው፤ ማላገጥ እስኪመስል ድረስ ግን አይሁን።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። “ዩል ኔቨር ዎክ አሎን” ሲባል በጋምቤላ ያለ የኳስ ወዳጅ ሁሉ የሊቨርፑልን ደጋፊዎች ያስባል። ዜማው በ1963 ጌሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ በሚባል ቡድን ከተቀረጸ በኋላ ነው የስታዲየም ዜማ የሆነው። የተጻፈው ግን በ1945 ለወጣው “ካሩሰል” ለተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። በዚያ አንዲት ወጣት ባሏ ሞቶባት ሬሳው ፊት ቆማለች፤ ዘመዷ ልታጽናናት ትሞክራለች። ይህን የማታውቅ ልጅ እንደ ኳስ ሜዳ ትጮኻለች። የምታውቅ ልጅ ግን ልቅሶ ቤት ገብታ ከሐዘንተኛ አጠገብ እንደተቀመጠች ሆና ትጀምራለች። ዜማው አንድ ነው፤ የሚሰማው ግን ፈጽሞ ይለያያል።

ከዚያ ድምፁን ለኩ

ሰውየው ተስማሚ ቢሆንም ዜማው ለልጅቷ ጉሮሮ ላይስማማ ይችላል። የ12 እና የ13 ዓመት ድምፅ በለውጥ ላይ ያለ ድምፅ ነው። የወንዶች ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ያህል ስለሚወርድ ሁሉም ሰው ያስተውለዋል። የሴቶችም ይለወጣል፤ አየር ይበዛበታል፣ አንዳንዴ ይሰነጠቃል፣ ትናንት የወጣው ኖታ ዛሬ እምቢ ይላል። በዚህ ዕድሜ በኃይል የተገፋ ድምፅ ይደክማል፤ ድካሙም ከፈተናው ቀን በኋላ ሊቆይ ይችላል።

በዚህ የተነሣ የልጆች ምርጫ የሆነውን “ቱሞሮው” በጥንቃቄ እዩት። በ1977 ከወጣው “አኒ” የተወሰደ ነው፤ ከምንነጋገርበት ዘመንም ትንሽ ዘግየት ይላል። ተናጋሪዋ ወላጆቿን የምትጠብቅ የ11 ዓመት ልጅ ስለሆነች በዕድሜ ይስማማል። ነገር ግን መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ የሚያዝ ረጅም ድምፅ አለው፤ ልጆች በደረታቸው ድምፅ እየገፉ ሊያወጡት ይታገላሉ። ለአንዳንዷ ልጅ ቀላል ነው፤ ለሌላዋ ጉሮሮዋን የሚያደማ ያህል ነው።

“ኦቨር ዘ ሬይንቦው” ደግሞ የዋህ መስሎ ያታልላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኖታዎች በመካከላቸው ሙሉ ኦክታቭ አላቸው፤ ልጅቷ ገና አፏን ስትከፍት መዝለል አለባት። ሌላም ነገር አለ። ዜማው በ1939 ለወጣ ፊልም የተጻፈ ነው። አንዳንድ መመሪያ የፊልም ዜማን ይቀበላል፤ አንዳንዱ ከመድረክ የወጣ ብቻ ይላል። ሳትለማመዱ በፊት አረጋግጡ።

በተቃራኒው “ኤዴልቫይስ” ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ለታችኛዎቹ ደረጃዎች ይሆናል። በ1959 ለወጣው “ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ” ነው የተጻፈው። ብዙ ሰው የኦስትሪያ ጥንታዊ የሕዝብ ዜማ ይመስለዋል፤ ግን ግጥሙን ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የጻፈው አሜሪካዊው ኦስካር ሐመርስታይን ነው። በታሪኩ የሚዘምረው አባት ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ከመሸሹ በፊት አገሩን በትንሽ አበባ ስም ይሰናበታል። ጠባብ ነው ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም። የሚደበቅበት ጩኸት ስለሌለው ትንፋሽና ቅላጼ ሁሉ ይታያል።

ድምፅ መለካት ለማያውቅ ወላጅ ቀላል መፈተኛ አለ። ልጅቷ ዜማውን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ትዘምረው፤ በስልካችሁም ቅዱት። ከፍ ያለው ቦታ ላይ አገጯን ታነሣለች? የአንገቷ ሥር ይወጠራል? ከሦስተኛው በኋላ ስትናገር ድምፅዋ ሻክሯል? ከሆነ መምህሯን ስለ ኪው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዜማውን ዝቅ ወይም ከፍ ባለ ኪ መዘመር ይፈቀዳል። ዝቅ ተደርጎም ካስቸገራት ለዚህ ዓመት ዜማዋ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ይቆይላት።

የሚታለፉ ዜማዎች

በ1943 “ኦክላሆማ!” ውስጥ ወንዶችን እምቢ ማለት አልችልም የምትል ወጣት ዜማ አላት። ለአዋቂ ተዋናይት ቀልድ ነው። የ12 ዓመት ልጅ በፈታኝ ፊት ስትለው ግን ለማንም ደስ አይልም። ከ“ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ” የሚወሰደው የ16 ዓመቷ ልጅና የ17 ዓመቱ ልጅ ዜማም ቢሆን ልጅቷ ራሷን መጠበቅ እንደማትችልና ትልቁ ልጅ እንደሚመራት ይናገራል። ያው ልጅ በታሪኩ ውስጥ በኋላ ከናዚዎች ጋር ይቀላቀላል። ይህን ከልጃችሁ ጋር ብትነጋገሩበት ጥሩ ትምህርት ነው፤ ለፈተና ግን ከእርሱ የሚሻል አይጠፋም።

ሌላው ጉዳይ ንቀት ነው። ልጆቻችን ጥቁሮች ናቸው፤ ከእነዚህ ቴአትሮች አንዳንዶቹ የተጻፉት ጥቁር ሰው በሚናቅበት ዘመን ነው። በ1927 የወጣው “ሾው ቦት” ሲጀመር በመክፈቻው ላይ ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ነበረበት፤ በኋላ በወጡ ዝግጅቶች ተለወጠ። ስለዚህ አሮጌ የኖታ መጽሐፍ ካገኛችሁ ግጥሙን እስከ መጨረሻ አንብቡ። “ዘ ኪንግ ኤንድ አይ” ራሱ የታይ ሕዝብንና ንጉሡን በሚያሳይበት መንገድ ቅሬታ አስነሥቷል፤ በ1956 የወጣው ፊልም በታይላንድ ታግዷል። የእናትና የልጁን ዜማ ለመምረጥ ይህ አያግድም። ልጅቷ ግን ታሪኩ ከማን ዓይን እንደታየ ልታውቅ ይገባል።

የሐዘን ዜማ ሲመረጥ

በ1964 የወጣው “ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ” የሚተርከው በ1905 ገደማ በሩሲያ ግዛት አናቴቭካ በምትባል መንደር ስለሚኖሩ አይሁድ ነው። በመጨረሻ የመንደሩ ሰው ሁሉ ውጣ ተብሎ ይሰደዳል። ከዚያ በፊት ሆዴል የምትባለው ልጅ ሳይቤሪያ ወደታሰረው እጮኛዋ ልትሄድ ባቡር ጣቢያ ላይ አባቷን ትሰናበታለች። “ፋር ፍሮም ዘ ሆም አይ ላቭ” የሚለው ዜማ ለአባቷ የምትናገረው ነው። ዝግ ያለ፣ በሐዘን ቅኝት የተሠራ ነው። ለ12 ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ ለ15 ወይም ለ16 ዓመቷ ግን መልካም ምርጫ ነው።

ፑኝዶ ስደተኛ የምታውቅ ከተማ ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ልጆች እዚህ ተጠልለው ነበር፤ ከዚያ በኋላም ካምፑ ሌሎችን ተቀብሏል። ከዚህ የወጣ ቤተሰብ ልጅ ይህን ዜማ ስትይዝ ቤት ውስጥ ያልተነገረ ብዙ ነገር ሊነሣ ይችላል። እዚህ ላይ መምህራንንም ወላጆችንም የምለምነው አለኝ። “የእናትሽን መከራ አስቢና አልቅሺ” አትበሏት። ልጅ የወላጅዋን ቁስል ለነጥብ እንድትነካ መጠየቅ ከባድ ሸክም ነው። ደግሞም ያለቀሰ ጉሮሮ አይዘምርም፤ ይዘጋል። ሆዴል ራሷ በዜማው ውስጥ አባቷ እንዳይሰበር ብላ ራሷን ትገዛለች። ልጅቷም ይህን ብቻ ትያዝ። አባቴ ፊት ቆሜአለሁ፣ እንዲረዳኝ እፈልጋለሁ፣ ባቡሩ እየመጣ ነው። ስለ ቤተሰቡ ጉዞ ልትጠይቅ ከወደደች ግን በሌላ ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ለራሱ ሲባል ይነገር።

ዜማዎቹን አብሮ ማሰናዳት

ልጅቷ ከአንድ በላይ ዜማ ስለምታቀርብ አንዱ ከሌላው መለየት አለበት። ሦስት ዝግ ያሉ የሐዘን ዜማዎች ድምፅዋ ምን ያህል እንደሚችል አያሳዩም። ለጠየቀችኝ እህት ልጅ የሚስማማ አንድ ስብስብ ልጠቁም። መጀመሪያ “አይ ዊስል ኤ ሃፒ ቲዩን”፣ ምክንያቱም ፍርሃትን ስለማሸነፍ የሚናገር ቀላል ዜማ ተፈታኝንም ያረጋጋል። ቀጥሎ “ዌር ኢዝ ላቭ?”፣ ትንፋሿንና ለስላሳ ድምፅዋን እንዲያሳይ። በመጨረሻ “ዉድንት ኢት ቢ ለቨርሊ”፣ ፈገግታዋና የቃል አወጣጧ እንዲታይ። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ቦታዎች፣ ሦስት ዓይነት ድምፅ። መምህሯ ከደረጃዋ ጋር አመሳክራ ትለውጠው ይሆናል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት የዓመቱን መመሪያ አንብቡ። ስንት ዜማ ይጠየቃል? በቃል መዘመር ግዴታ ነው? ፒያኖ አጃቢ ያስፈልጋል ወይስ ሙዚቃ ብቻ ያለበት ቅጂ ይፈቀዳል? የትኛው ግጥም ይዘለላል? ኖታውም በሕግ የተገዛ ይሁን፤ ፎቶ ኮፒ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ምርጫው ከፈተናው ሦስት ወር ያህል ቀድሞ ቢያልቅ ልጅቷ ቃሉን ለመሸምደድ ሳይሆን ለመናገር ጊዜ ታገኛለች።

እናት ምን ታድርግ?

“እኔ ኖታ አላውቅም” የምትሉ እናቶች የምትረዱበት መንገድ አለ። ልጅቷ ዜማውን ከመዘመሯ በፊት ታሪኩን በአኙዋክኛ ወይም በአማርኛ ትንገራችሁ፤ ለአያቷ እንደምትነግር አድርጋ። ማን እንደሆነች፣ የት እንደቆመች፣ ከማን ምን እንደምትፈልግ ትናገር። ቃል ሲጎድላት ያልገባት ቦታ እርሱ ነው፤ መምህሯን እንድትጠይቅ ላኳት። ታሪኩን አጥርታ ከነገረቻችሁ በኋላ ቁሙና እንግሊዝኛውን ትዘምር። ስትጨርስ ስለ ከፍታና ስለ ቅላጼ ምንም አትበሏት፤ ያ የመምህሯ ድርሻ ነው። “አሁን ይህን ለማን ነው የነገርሽው?” ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። ሳታመነታ ከመለሰች ዜማው የእርሷ ሆኗል።